ሊፕ፦ ከማህፀን በር ላይ የተለወጠ ሥጋ እንዴት ይወገዳል? ከቀጠሮው በፊት ጀምሮ እስከ ዓመቱ ምርመራ

በጤና ጣቢያ የማህፀን በር ምርመራ አድርገው “ነጭ ነገር ታይቷል” ተብለው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ከተጻፈልዎ፣ ከሚጠብቁዎ ሕክምናዎች አንዱ ሊፕ ነው። ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ቀጭን የሽቦ ቀለበት፣ በማህፀን በር ላይ የተለወጠውን ሥጋ ቆርጦ ማንሳት ማለት ነው። ማህፀን አይወጣም፤ ሆድ አይከፈትም። ቆረጣው ራሱ በሰኮንዶች ያልቃል፤ ዝግጅቱና ደም ማቆሙ ሲጨመር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ “ሌትዝ” ሲባል ብትሰሙ ያው ነው።

ሊፕ የሚደረገው ለቅድመ ካንሰር ነው፤ ካንሰር አለ ማለት አይደለም። ኤች.ፒ.ቪ. የተባለው ቫይረስ ሳይለቅ ለዓመታት ሲቆይ የማህፀን በር ሽፋን ሕዋሳት ይለወጣሉ፤ ለውጡ ግን ገና ከሽፋኑ አልፎ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። የመከላከል አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ወደ ካንሰር ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ኤች.አይ.ቪ. ኖሮባት መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ካልተቆረጠ ተብሎ የሚያስጨንቅ ባይሆንም፣ “ምንም አላመመኝም” ተብሎ የሚተውም አይደለም። ቅድመ ካንሰር አያምም፣ አይደማም፣ አይሸትም።

ማቃጠሉ ለምን አልበቃም?

ብዙ ጤና ጣቢያዎች የተለወጠውን ቦታ (ባለሙያዎች “ቁስል” ይሉታል) በሙቀት ያቃጥላሉ፤ እስከ 100 ዲግሪ በሞቀ መሣሪያ ከ20 እስከ 30 ሰኮንድ መንካት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ነጩ ቦታ ከዳር እስከ ዳር ሲታይ፣ ወደ ማህፀን በር ቀዳዳ ውስጥ ካልገባ፣ ከበሩ ገጽ ሦስት አራተኛውን ካልሸፈነና ካንሰር ካልተጠረጠረ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቆርጦ ማንሳቱ ይመረጣል።

በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ናሙናው ነው። የተቃጠለ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይታይም። በሊፕ የወጣው ግን ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል) ሄዶ ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከሥሩ ካንሰር ተደብቆ እንደሆነና ቆረጣው ሁሉንም ይዞ እንደወጣ ይነግረናል። የሊፕ ግማሹ ጥቅም ይህ ነው። ተቆርጦ ናሙናው የት እንደገባ ያልታወቀ ሊፕ በግማሽ የተሠራ ሥራ ነው።

በዓይን ሲታይ ካንሰር የሚመስል ከሆነ ደግሞ ማቃጠልም ሊፕም አይደረግም፤ መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ይጠበቃል።

ከቀጠሮው በፊት

ቀጠሮውን የወር አበባ በቆመ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ይጠይቁ። እርግዝና አለመኖሩ በዚህ ጊዜ ይበልጥ የተረጋገጠ ነው፤ ከሕክምናው በኋላ የሚመጣ ደምም ከወር አበባ ጋር አይምታታም። እርጉዝ ከሆኑ ሊፕ እስኪወልዱ ድረስ ይቆያል። ከወለዱም ቢያንስ 3 ወር ይጠበቃል፤ የማህፀን በር በዚያ ጊዜ በደም የተሞላና ለመድማት የቀረበ ነው።

ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ማሳከክ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለ አስቀድሞ ይታከማል። በተመረዘ ቦታ ላይ መቁረጥ ኢንፌክሽኑን ወደ ማህፀን ሊያወጣው ይችላል።

ለሐኪምዎ ሳይደብቁ የሚነግሯቸው ነገሮች አሉ፦ እንደ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ (በራስዎ አያቁሙ)፣ የልብ ሕመም ወይም ደረት ውስጥ የተተከለ የልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ካለ፣ ጥርስ ሲነቀሉ ወይም ሲወልዱ ደም አልቆም ብሎዎት ከነበረ፣ የማደንዘዣ ወይም የአዮዲን አለርጂ ካለብዎ። ግርዛት ተደርጎብዎት መግቢያው ከጠበበ ወይም ጠባሳ ካለ ይህንንም ቀድመው ይናገሩ። ትንሽ ስፔኩለም (የማህፀን በር እንዲታይ ብልትን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ይዘጋጃል፤ እንደ ጥበቱ መጠንም ሥራው በቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲሆን ሊወሰን ይችላል። በዕለቱ አልጋ ላይ ከመታወቁ ቀድሞ መታወቁ ለእርስዎም ለባለሙያውም ይሻላል።

ስለ “ሉፕ” አንድ ማሳሰቢያ። በእኛ አገር ሉፕ ሲባል ብዙ ሴት የምታስበው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የወሊድ መከላከያ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ደግሞ መቁረጫውን ቀለበት “ሉፕ” ይሉታል። “ሉፕ እናስገባለን” ቢባሉ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የወሊድ መከላከያው ካለዎትም ይንገሩ፤ ክሩ በሽቦው ሊቆረጥ ስለሚችል ወደ ውስጥ ይገፋል ወይም መከላከያው ለጊዜው ይወጣል።

ማደንዘዣው በመርፌ ለቦታው ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ቁርስ በልተው ይምጡ። ጾም ቢሆንም ባዶ ሆድ አይመከርም፤ ከፍርሃት ጋር ተደምሮ ራስ ያስታል። ሙሉ ማደንዘዣ ወይም በጀርባ የሚወጋው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ አይበሉም። የትኛው እንደሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን መዋጥ ቁርጠቱን ያቀልላል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለብዎ በፓራሲታሞል ይተኩት።

ይዘው የሚመጡት፦ የቀድሞ ምርመራ ወረቀት ሁሉ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ሁለት ሦስት ሞዴስ፣ አብሮ የሚመለስ ሰው። አሜሪካ ሆነው ቋንቋው የሚያስቸግርዎ ከሆነ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ይጠይቁ፤ ልጅዎን ወይም ባልዎን ለማስተርጎም አይጠቀሙ።

በክፍሉ ውስጥ

1. የእርግዝና ምርመራና የደም ግፊት ይታያል፣ የስምምነት ፊርማ ይፈረማል። በደንብ ያልገባዎትን አይፈርሙ።

2. ልክ እንደ ምርመራው ጊዜ ጀርባዎ ላይ ተኝተው እግርዎ ይደገፋል። ጭንዎ ላይ ሰፊ ተለጣፊ ሳህን ይደረጋል። ኤሌክትሪኩ በቀጭኑ ሽቦ ገብቶ በዚህ ሰፊ ሳህን ይወጣል፤ ሰፊ ስለሆነ አያቃጥልም። ግማሹ ከተላቀቀ ግን ኃይሉ በቀረው ጠባብ ቦታ ተሰብስቦ ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ቅባት በሌለው ደረቅ ቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ መለጠፍ አለበት። ጭንዎ ላይ ሙቀት ከተሰማዎት ወዲያው ይናገሩ። ጌጣጌጥ ይወልቃል።

3. ስፔኩለም ይገባል። ይህ ስፔኩለም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን ያለው መሆን አለበት። ተራ ብረት ከሆነና ሽቦው ከነካው የብልት ግድግዳ ይቃጠላል። ጭስ የሚስብ ቱቦም ይያያዝበታል፤ ያለዚያ ባለሙያው በጭስ መሐል ነው የሚቆርጠው።

4. ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ ሽታው የአቼቶ ነው። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ አዮዲን ከተቀባ ጤነኛው ሽፋን ቡናማ ይሆናል፣ የተለወጠው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አዮዲኑ የሚጠቅመው ድንበሩን ቁልጭ አድርጎ ለማሳየት ነው፤ ጥድፊያ ውስጥ የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው፣ መዘለል ግን አልነበረበትም።

5. ማደንዘዣ ይሰጣል። 1 ወይም 2 በመቶ የሆነ ሊዶኬይን፣ ደም ሥር ከሚያጠብብ አድሬናሊን ጋር፣ በጠቅላላ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ በጣም ቀጭን በሆነ ባለ 27 ቁጥር ረጅም መርፌ ይወጋል። የሚወጋው ከሽፋኑ ሥር በ12፣ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት አቅጣጫ ነው (የግድግዳ ሰዓት ፊት ላይ ያለው የቁጥር አቀማመጥ ማለት ነው)። አድሬናሊኑ ለጥቂት ደቂቃ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ያልፋል። ጆሮ ቢጮህ፣ አፍ የብረት ጣዕም ቢሰማው ግን መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። የልብ ሕመም ላለባት አድሬናሊን የሌለበት ይሰጣታል። ከመርፌው በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠበቅ መቁረጥ የብዙ ሴቶች ሕመም ምክንያት ነው፤ “ይሰማኛል” ለማለት አይፈሩ፣ መጨመር ይቻላል።

6. ቆረጣው። ቀለበቱ እንደ ቁስሉ ስፋት ይመረጣል፤ ለሰፊው 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ለጠባቡ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር። ኃይሉ እንደ ማሽኑና እንደ ቀለበቱ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዋት ነው። ባለሙያው ከነጩ ድንበር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይጀምራል፣ ሽቦው ሥጋውን ከመንካቱ በፊት ኤሌክትሪኩን ይለቃል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ከጎን ወደ ጎን ወይም ከታች ወደ ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል። ከላይ ወደ ታች የማይቆረጠው የተቆረጠው ሥጋ ወድቆ እይታውን ስለሚጋርድ ነው።

ብልሃቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። የሚቆርጠው ኤሌክትሪኩ እንጂ እጅ አይደለም። ተገፍቶ በችኮላ ከተሄደ ሽቦው ይጎብጣል፣ ቆረጣው መሐል ላይ ይሳሳል፣ ቁስሉ ከሥር ይቀራል። በጣም ከተዘገየ ደግሞ የናሙናው ጠርዝ ያርራል፤ ያረረ ጠርዝ ንጹሕ ይሁን አይሁን የፓቶሎጂ ሐኪሙ ሊያነበው አይችልም። መሐል ላይ ኃይሉ ከተቋረጠ ሽቦው ሥጋው ውስጥ ይጣበቃል። እርስዎ በእነዚያ ሰኮንዶች ከመሳልና ወገብ ከማንሳት ይቆጠቡ፤ ሳል ከመጣ ቀድመው ይናገሩ፣ ይቆማል።

ቁስሉ ውጭ ላይ ብቻ ከሆነ ጥልቀቱ ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ወደ ቀዳዳው የገባ ከሆነ ከ10 እስከ 15፣ ድንበሩ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ወደፊት መውለድ ካሰቡ ይህን ቁጥር ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

7. ደም ማቆም። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ባለ ኳስ ጫፍ መሣሪያ የሚደማው ይተኮሳል፤ ኳሱ ሥጋው ላይ ካረፈ ተጣብቆ ሲነሣ ቅርፊቱን ይዞ ይነሣል፣ ስለዚህ ከላይ ሆኖ ብልጭታው ብቻ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከዚያ እንደ ሰናፍጭ የወፈረ ደም የሚያቆም የሞንሰል ፔስት ይቀባል። የቀዳዳው ዙሪያ ያለ ልክ ከተተኮሰ ሲድን ጠባሳው በሩን ሊያጠብበው ይችላል።

8. ናሙናው። በ12 ሰዓት አቅጣጫ ክር ይደረግበታል፤ የፓቶሎጂ ሐኪሙ የትኛው ጠርዝ የት እንደነበር የሚያውቀው በዚህ ነው። የራሱን መጠን 10 እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ከመውጣትዎ በፊት ብልቃጡ ላይ ስምዎና የካርድ ቁጥርዎ መጻፉን በዓይንዎ ይዩ። ናሙናው የት እንደሚላክ፣ ማን እንደሚያደርሰውና ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቀው ይጻፉ። ቤተሰብ ራሱ ይዞ እንዲሄድ ከተባለ በዚያው ቀን ያድርሱት።

ግማሽ ሰዓት ያህል አርፈው፣ ደሙ መቆሙ ታይቶ ይሄዳሉ።

በምላጭ የሚደረገው

ለውጡ ከሽፋኑ ሳይሆን ፈሳሽ ከሚያመነጩት የማህፀን በር የዕጢ ሕዋሳት የመጣ ከሆነ በምላጭ ሾጣጣ ቅርጽ አድርጎ ማውጣት ይመረጣል፤ በኤሌክትሪክ ያላረረ ጠርዝ ለፓቶሎጂው ወሳኝ ነው። የሚሠራው በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በሙሉ ወይም በጀርባ ማደንዘዣ ነው። በ3 እና በ9 ሰዓት ጎን ደም ሥሮቹ በክር ይታሰራሉ። የመድማት ዕድሉ ከሊፕ ይበልጣል፣ በኋላ ያለው እንክብካቤ ግን አንድ ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወር አበባ ዓይነት ቁርጠት ይኖራል። ከፔስቱ የተነሣ የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ፈሳሽ ይወጣል፣ ቀጥሎ ውሃማና ቀላ ያለ ይሆናል፤ ለ2 ወይም 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ቅርፊቱ ሲላቀቅ ደሙ ትንሽ ይጨምራል፤ ብዙ ሴቶች የሚደነግጡት በዚህ ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን መግባት ወይም ሶላት ላይ ጥያቄ ካለዎት፣ ደሙ ከቁስል እንጂ ከወር አበባ እንዳልሆነ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለኡስታዝዎ ነግረው ይጠይቁ።

ለ4 ሳምንት ብልት ውስጥ ምንም አይገባም። ግንኙነት፣ በውሃም በቅጠልም ውስጥን ማጠብ፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ይቅር። ወይባ ጭስም እስኪድን ይቆይ፤ ሙቀት ደም ሥር ይከፍታል። ከላይ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይቻላል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና የእንጨት ሸክም ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ለሌላ ሰው ይተዉ። ቀላል የቤት ሥራ ከነገ ጀምሮ ችግር የለውም።

ግንኙነቱን ማቆየት በእርስዎ እጅ ብቻ ካልሆነ ኮንዶም ያለ ማወላወል ያስፈልጋል። ቁስሉ ሳይድን ኤች.አይ.ቪ. መያዝም ማስያዝም ይቀላል። ሐኪሙ ይህን ለባልዎ በአካል እንዲነግር መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ከእርስዎ አፍ ከሚወጣው ይልቅ የሚሰማው እሱ ነው።

“ከየት አመጣሽው?” የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ ኤች.ፒ.ቪ. ከብዙ ዓመት በፊት ገብቶ ሳይታወቅ ሊቆይ እንደሚችል፣ የግንኙነት ሕይወት ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች አንድ ጊዜ እንደሚይዛቸው ይወቁ። የቅርብ ጊዜ ክህደት ማስረጃ አይደለም፤ በዚህ ማንም አይወቀስ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል የሚያስኬዱት፦ በሰዓት አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ የሚያርስና ለ2 ሰዓት የቀጠለ ደም፣ ትልልቅ የረጋ ደም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የሚሸት ወይም መግል የመሰለ ፈሳሽ፣ በማስታገሻ የማይበርድ የሆድ ሕመም፣ ራስ መሳት። የሊፕ ወረቀትዎን ይዘው ይሂዱ። አብዛኛው መድማት ፔስት እንደገና በመቀባት፣ በጋዝ ጨርቅ በመጠቅጠቅ ወይም በስፌት ይቆማል።

ውጤቱን ማንበብ

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ለውጤት ይመለሱ። ወረቀቱ ላይ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ ደረጃውና ጠርዙ።

ደረጃው ሲን 1፣ ሲን 2 ወይም ሲን 3 ተብሎ ይጻፋል። ሲን 1 ቀላል ለውጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይጠፋል። ሲን 2 እና ሲን 3 ሊፕ የተሠራላቸው ለውጦች ናቸው። “ምንም አልተገኘም” የሚል ውጤትም ይመጣል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ቅድመ ካንሰር አይደለም፣ የተቆጣ ሽፋንም ነጭ ይሆናል።

ጠርዙ ማርጂን ይባላል። ኔጌቲቭ ከሆነ ቆረጣው ለውጡን ከነዙሪያው ይዞታል። ፖዘቲቭ ከሆነ ለውጡ እስከ ጠርዙ ደርሷል፤ ይህ ግን ወዲያው ዳግም ይቆረጥ ማለት አይደለም፣ የቀረው በመተኮሱና በሰውነት መከላከያ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የውስጠኛው ጠርዝ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ዕድሜ ከገፋ ወይም ለክትትል መመለስ አስቸጋሪ ከሆነ መድገሙ ይታሰባል። ካንሰር ከተገኘ የማህፀን ካንሰር ሐኪም ጋር ይኬዳል፤ ቀጣዩን የሚወስነው የደረሰበት ደረጃ ነው።

ስለ እርግዝና

ሊፕ ማርገዝን ብዙውን ጊዜ አይከለክልም። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ በተቆረጠ ቁጥር ግን ያለ ጊዜው የመውለድ ዕድል ይጨምራል፤ የበሩ ርዝመት አጥሯልና። ስለዚህ ለመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ሲሄዱ ሊፕ መደረጉንና ጥልቀቱን ይናገሩ። በዚህ ምክንያት ብቻ በኦፕራሲዮን መውለድ አያስፈልግም። የወር አበባዎ ከሕክምናው በኋላ በጣም ካነሰና ከበድ ያለ ቁርጠት ከመጣ በሩ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ በቀላል ዘዴ ይከፈታል።

የዓመቱ ምርመራ

በሊፕ ከታከሙ 100 ሴቶች ከ90 በላይ ይድናሉ። ለቀሩት የሚደርስላቸው በ12 ወር የሚደረገው ምርመራ ነው። የኤች.ፒ.ቪ. ምርመራ ካለ እሱ ይመረጣል፣ ከሌለ በአሴቲክ አሲድ ይታያል። ቁስሉ በሚድንባቸው ወራት አዲሱ ሽፋን ራሱ ነጭ ሊመስል ስለሚችል ማስቸኮል ያሳስታል። ንጹሕ ከሆነ ወደ መደበኛው የምርመራ ጊዜ ይመለሳሉ። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ሴቶች ግን ንጹሕ ቢሆኑም ከሌላ 12 ወር በኋላ አንድ ጊዜ ይደግማሉ፤ ለውጡ በእነሱ ላይ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

የፓቶሎጂውን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ካርድ ቢጠፋ፣ ከተማ ቢቀይሩ፣ ወደ ዓረብ አገር ቢሄዱ የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።